የባሕር ክንፍ በደጋ ሰማይ

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠዋት የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴ ሰማይ ላይ ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ መጥተው ከተማዋን የጦር ማዘዣቸው ካደረጉ ገና ሳምንት እንኳ አልሞላም። ቦምቡ ሲወርድ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ኋላ ሆነው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ከተመቱት ቦታዎች አንዱ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል ነበር።

በደቡብ ወሎ ከደጎሎ ወደ ደሴ ለሚወጣ የጃማ ሰው ወረኢሉ መንገዱ ላይ ናት። ደሴ ከመደብደቧ 40 ዓመት ቀደም ብሎ ምኒልክ የአድዋን ክተት ሲያውጁ የሸዋን ጦር የቀጠሩት እዚያው ወረኢሉ ነው። ያ ሠራዊት ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ጠላቱ ዘንድ እስኪደርስ ወራት ፈጀበት። በ1928 ግን ጠላት ቁርሱን ኤርትራ በልቶ፣ ደሴን ደብድቦ፣ ለምሳው ይመለስ ጀመር። በዚያ ዘመቻ ከበረሩት መካከል የሙሶሊኒ ልጆች ቪቶሪዮና ብሩኖ፣ አማቹ ጋሌአዞ ቻኖም ነበሩበት። ቪቶሪዮ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ በፈረሰኞች መሐል የፈነዳን ቦምብ ከአበባ መፈንዳት ጋር አመሳስሎ ጽፏል። ከላይ ሲታይ እንደዚያ ሳይሆን አልቀረም። ከታች የነበረው ሰው አበባ አላየም።

እኛ አውሮፕላንን ከታች ሆነን ነው ያወቅነው። ስለዚህም ይመስለኛል፣ ከላይ ያለው ሰው ሕይወት እምብዛም የማይነገረን። በዚያ ጦርነት የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች የመራው ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ያደገው ሚሲሲፒ ውስጥ ነው፤ በገዛ አገሩ የነጮች የአየር ጓድ የማይቀበለው ሰው እዚህ መጥቶ አዛዥ ሆነ። አውሮፕላኖቹ ለውጊያ የሚሆን መሣሪያ አልነበራቸውም። ሥራው መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው በአዲስ አበባና በሰሜኑ ግንባር መካከል ማመላለስ ነበር። ጣሊያኖች ሲያገኙት መሣሪያው ደመናና ገደል ነው፤ ደመና ውስጥ ይገባል፣ ገደል ለገደል ይበራል። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ወጣቶችን ማብረር ሲያስተምር ቆይቶ በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በጦርነቱ ያልወደቀ ሰው በሰላሙ ዘመን ወደቀ።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ከባሕር በኩል ያጠቁት ግን ሌላ ዓይነት አብራሪዎች ናቸው። የጃማን ሜዳ የሚያውቅ አንባቢ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ምን እንደሆነ ለመገመት አይቸገርም። ዋልካው መሬት ደልዳላ ሆኖ ይዘረጋና ድንገት ያልቃል፤ ከጫፉ ወዲያ ገደልና የወንዝ ሸለቆ ነው። ያንን ሜዳ ወደ 200 ሜትር ብቻ አድርገህ ቁረጠው። ውሃ ላይ አንሳፍፈው። ከዚያ ወደ ፊት እንዲሄድ፣ እንዲያዘነብል፣ አፍንጫው ከፍ ዝቅ እንዲል አድርገው። የባሕር ኃይል ተዋጊ አብራሪ ውሎውን ጨርሶ የሚመለሰው እዚያ ላይ ነው።

የሚያርፍበት መንገድ ለየት ያለ ነው። ከአውሮፕላኑ ጭራ ሥር መንጠቆ ይወርዳል። መርከቡ ላይ አግድም የተወጠሩ የብረት ገመዶች አሉ፤ መንጠቆው አንዱን ከያዘ አውሮፕላኑ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይቆማል። ካልያዘ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከፊት ለፊት የሚጠብቀው የብረት መረብ ወይም ባሕሩ ነበር። አብራሪው የሞተሩ አፍንጫ ስለሚጋርደው ማረፊያውን በደንብ አያየውም፤ የሚያየው መርከቡ ጠርዝ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ምልክት የሚሰጠውን ባልደረባውን ነው። የዚያን ሰው እጅ ያላመነ አብራሪ አያርፍም። ባሕር ላይ ደግሞ ተራራ የለ፣ ወንዝ የለ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት የለ። መርከቡም ትቶት በሄደበት ቦታ አይጠብቀውም።

መጋቢት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ኢግል ከተባለች የእንግሊዝ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የወረዱ ስዎርድፊሽ አውሮፕላኖች ከፖርት ሱዳን ተነሥተው በቀይ ባሕር ላይ ከምፅዋ የወጡትን የጣሊያን አጥፊ መርከቦች አገኙ። ስዎርድፊሽ ድርብ ክንፉ በጨርቅ የተለበጠ፣ ዘመን ያለፈበት የሚመስል ቀርፋፋ አውሮፕላን ነበር። ናዛሪዮ ሳውሮና ዳኒዬሌ ማኒን የተባሉት ሁለት መርከቦች በዚያው ቀን ሰጠሙ፤ የተረፉት ዐረቢያ ዳርቻ ደርሰው በገዛ ሠራተኞቻቸው እጅ ተደመሰሱ። አምስት ቀን ቆይቶ ምፅዋ ተያዘች። በሚያዝያ 18 ደግሞ ደሴ ነጻ ወጣች። የደሴን ነጻ መውጣት ስንተርክ አርበኛውንና በመሬት የመጣውን ጦር እንጠራለን፤ በቀይ ባሕር ላይ ለጣሊያን የቀረውን በር የዘጉትን የባሕር አብራሪዎች ግን ሲጠራቸው የሰማሁት የለም።

በዚያው ዓመት ጥቂት ቀደም ብላ ምፅዋን በአውሮፕላኖቿ ያጠቃች ሌላ መርከብ ፎርሚደብል ትባላለች። ከአራት ዓመት በኋላ ጃፓን አጠገብ ነበረች። ነሐሴ 3 ቀን 1937 ዓ.ም. ሮበርት ሃምፕተን ግሬይ የተባለ የ27 ዓመት ካናዳዊ የባሕር ኃይል አብራሪ ኮርሴር አውሮፕላኑን ከእርሷ ላይ አስነሥቶ ኦናጋዋ ወደሚባለው የጃፓን ወሽመጥ ሄደ። ከመርከቦችና ከየብስ የሚተኮሰው እሳት ሲያገኘውም አልተመለሰም፤ ወደ አንዲት የጦር መርከብ ዝቅ ብሎ ቀረበ፣ ቦምቡን ጣለ፣ መርከቧ ሰጠመች፣ እርሱም ባሕር ውስጥ ገባ። ጃፓን እጅ መስጠቷን ልትገልጽ የቀራት ስድስት ቀን ነበር። እንግሊዝ ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይዋን ሰጠችው። ያ የማጥቃት በረራ ወደ ኢላማው ከተጠጋበት ጊዜ አንሥቶ ቢለካ ደቂቃዎች ቢሆን ነው።

የካናዳ ስም ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ፋየርፍላይ የሚባል፣ እንግሊዝ ለአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ብላ የሠራችው ተዋጊ አውሮፕላን ነበር። ሁለት ሰው ይይዛል፤ ፊት አብራሪው፣ ኋላ መንገድ መሪው። አራት ባለ 20 ሚሊሜትር መድፍ፣ ሮልስ ሮይስ ግሪፈን ሞተር፣ መርከብ ውስጥ ቦታ እንዳይፈጅ የሚታጠፍ ክንፍ፣ ጭራው ሥር መንጠቆ። በ1936 ዓ.ም. ክረምት በኖርዌይ ጠረፍ ተደብቃ የነበረችውን ቲርፒትዝ የተባለች የጀርመን ግዙፍ የጦር መርከብ ለማጥቃት ከተላኩት አንዱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የካናዳ ባሕር ኃይል 212 ሜትር በምትረዝመው ወሪየር በተባለች መርከቡ ላይ ተጠቀመበት። አዲስ ሲመጣለት አሮጌዎቹን ሸጠ። ከገዢዎቹ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. እነዚህ የባሕር አውሮፕላኖች ከባሕር ጠለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው ቢሾፍቱ አረፉ። መንጠቆው የሚይዘው ገመድ የለም። ክንፉን የሚያሳጥፍ የቦታ ጥበት የለም። ያለው ችግር የደጋ ችግር ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ የሚያነሣው ያንሳል፣ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ይቀንሳል፣ ለመነሣትም ለማረፍም ረጅም ሜዳ ያስፈልጋል። እኩለ ቀን ላይ ሲሞቅ ይብሳል። ደጋ ላይ ማኮብኮቢያ የሚያበጅ መሐንዲስ ለምን ያን ያህል ርዝመት እንደሚጠይቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይሉን እንደገና ያቋቋመው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር። ሰውየው ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። በ1928 የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ አመላልሷል። ከነጻነት በኋላ ስዊድናውያን አስተማሪዎችን ይዞ መጣና እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ሳብ ሳፊር በተባለች ትንሽ አውሮፕላን ጀምሮ፣ ሳብ 17 የተባለውን ቦምብ ጣይ ተምሮ ወደ ከባዱ ማለፍ የዚያ ዘመን ሰልጣኝ መንገድ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ አስተማሪው ስዊድናዊ፣ ፋየርፍላዩ እንግሊዛዊ፣ ሻጩ ካናዳዊ፣ አብራሪው ኢትዮጵያዊ። ከነዚያ ልጆች ብዙዎቹ መኪና እንኳ ሳይነዱ ወደ አውሮፕላን የገቡ ቢሆኑ አይገርምም።

ፋየርፍላዮቹ ለጄት ቦታ ለቀው ሜዳ ላይ ቆመው ቀሩ። ደረቁ አየር ከዝገት ጠብቋቸው ኖሮ ከአርባ ዓመት ግድም በኋላ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ካናዳውያን መጥተው ሁለቱን በወታደራዊ የጭነት አውሮፕላን ጭነው ወሰዱ። ዛሬ በሙዚየሞቻቸው ውስጥ ናቸው። እነርሱ አሮጌ ብለው የሸጡትን ቅርስ ብለው መለሱት።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርም የሚያደርገው የባሕር ኃይላችን ነው። ኢትዮጵያ በ1948 ዓ.ም. አካባቢ ምፅዋ ላይ ባሕር ኃይል ስታቋቁም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአሜሪካ አንድ ትልቅ መርከብ አገኘች። ጥር 1954 ዓ.ም. ተረክባ «ኢትዮጵያ» ብላ ሰየመቻት። ወደ 95 ሜትር የምትረዝመው ይህች መርከብ የቀድሞ ስሟ ኦርካ ሲሆን፣ የተሠራችው ለአውሮፕላን ነው፤ ውሃ ላይ የሚያርፉ የባሕር አውሮፕላኖችን ነዳጅ እየሞላች፣ እየጠገነች፣ አብራሪዎቹን እያሳደረች ፊሊፒንስ አካባቢ በጃፓን የአጥፍቶ ጠፊ አብራሪዎች ጥቃት መሐል ያለፈች ነበረች። እንግዲህ ለመርከብ የተሠሩ አውሮፕላኖች ቢሾፍቱ፣ ለአውሮፕላን የተሠራች መርከብ ምፅዋ። ሁለቱም የኛ ሆነው አልተገናኙም። መርከቧ የንጉሡ መጓጓዣና የመኮንኖች ማሰልጠኛ ሆነች፤ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሽታ በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ኢትዮጵያ የባሕር ኃይል ተዋጊ አብራሪ ኖሯት አያውቅም። የባሕር ኃይሉ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ሲቋቋምም ያ ነገር ገና ሩቅ ነበር።

የጦርነት አብራሪ ግን ነበራት፤ ይኖራታልም። ለእኔ የእነርሱ ሕይወት ምስጢር በአየር ላይ በቆዩበት ጊዜና መሬት ላይ በከፈሉት መካከል ያለው አለመመጣጠን ነው።

በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ የአየር ኃይሉ ሁኔታ የሚያስፈራ ነበር። አሜሪካኖች በሚያዝያ ተባርረው ወጥተዋል፤ መለዋወጫው ተቋርጧል። ከታዘዙት ኤፍ 5 ኢ ተዋጊ ጄቶች የደረሱት ስምንት ያህል ብቻ ናቸው። ሶማሊያ በሶቪየት የተሰጧት ሚግ 17ና ሚግ 21 ነበሯት፤ በቁጥር ትበልጣለች። ነገር ግን አውሮፕላን ቁጥር ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ አብራሪዎች በአሜሪካ የሰለጠኑ፣ የሚታየውን ጠላት ከፀሐይ በኩል መጥቶ መቅደምን፣ ሁለት ሁለት ሆኖ አንዱ የሌላውን ጀርባ መጠበቅን የተማሩ ነበሩ። ክንፋቸው ጫፍ ላይ ያለው ሳይድዋይንደር ሚሳይል የጠላትን ሞተር ሙቀት ተከትሎ ይሄዳል። ቴክኒሻኖቹ ደግሞ፣ ስለ እነርሱ ሐውልት አላየሁም እንጂ፣ ከአንዱ አውሮፕላን እየፈቱ ለሌላው እየገጠሙ ሌሊቱን አንግተው ጠዋት የሚበር ያወጡ ነበር።

ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ የሶማሊያ ሚጎች በሐረርና በድሬዳዋ ሰማይ ላይ አንድ በአንድ ይወድቁ ጀመር። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ጄቶች የሶማሊያን የስንቅና የነዳጅ መኪኖች በረጅሙ የኦጋዴን መንገድ ላይ ይመቱ ገቡ። ታንክ ያለ ነዳጅ ብረት ነው፤ ሶማሊያ መስከረም 1970 መጀመሪያ ላይ ጅጅጋን ብትይዝም ከዚያ አልፋ ሐረርን መውሰድ አልቻለችም። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተመለሰች፤ የካራማራን ድል ዛሬም በዚያ ቀን እናስባለን።

ካውንት ፎን ሮዘን የዚህን ድል ዜና አልሰማም። በ67 ዓመቱ፣ ከቢያፍራም ከሌላም ጦርነት በኋላ፣ በኦጋዴን ለተፈናቀሉ ሰዎች እርዳታ ሊያደርስ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የሶማሊያ ጦር ጥቃት ሲከፍት ተገደለ። በአየር አልነበረም፤ መሬት ላይ ነው የተገደለው። ያሰለጠነው የአየር ኃይል የሶማሊያን ሚግ መጣል የጀመረው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው።

ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ያኔ ከአየር ኃይሉ ስመ ጥር የኤፍ 5 አብራሪዎች አንዱ ነበሩ። በርካታ የሶማሊያ ሚጎችን ጥለዋል፤ ዋናው ውጊያቸው ሳምንታት ብቻ ነው የፈጀው። የአንድ የአየር ላይ ፍልሚያ እድሜ ከተገናኙበት እስከ ተለያዩበት ከሁለትና ሦስት ደቂቃ እምብዛም አያልፍም፤ አንገት ወደ ኋላ ዞሮ፣ ሰውነት ከክብደቱ አምስት ስድስት እጥፍ ሆኖ መቀመጫ ላይ ተጨፍልቆ፣ ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ሲወርድ ዓይን ጠርዙ እየጠቆረ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሳቸውም አውሮፕላን ተመታ። በጃንጥላ ወረዱ፣ ተማረኩ። ሶማሊያ ውስጥ የታሰሩት 11 ዓመት ነው።

11 ዓመት። በመካከሉ ድል ተበሠረ፣ ድርቅ መጣ፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ተጀምሮ አለቀ፤ ወሎ በ1977 ረሃብ ስትረግፍ እሳቸው እስር ቤት ነበሩ። ወደ አገራቸው የተመለሱት ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1980 ዓ.ም. ሲስማሙ እስረኞች ተለዋውጠው ነው። አገሪቱ ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ሰጠቻቸው። ሲሄዱ የሚያበሩት አውሮፕላን አሜሪካ ሠራሽ ነበር፤ ሲመለሱ የአየር ኃይሉ ሜዳ ሚግ ሞልቶታል። የከፍታ መለኪያው ከጫማ ወደ ሜትር፣ የፍጥነቱ ከኖት ወደ ኪሎሜትር፣ የጥገና መጽሐፉ ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ ተለውጦ ቆይቷል። ትናንት ጠላት የነበረው የሚግ 21 ቅርጽ የወገን ሆኗል። አንድ አብራሪ በእድሜው እንዲህ ያለ ለውጥ ሁለት ጊዜ አይገጥመውም ብዬ አስብ ነበር፤ የዚያ ትውልድ ሰዎች ግን ከፕሮፔለር ወደ ጄት፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩ ነው የኖሩት።

የዚያው ጦርነት ሌላው አብራሪ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ናቸው። እሳቸው ደግሞ የተማረኩት በሰሜን ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። በደርግ ዘመን አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራ እጅ ወደቁ፣ ታሠሩ፣ ተፈቱ። ብዙ ሰው በዚህ ይበቃኛል ይል ነበር። እሳቸው ተመልሰው አውሮፕላን ላይ ወጡ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ወጣት አብራሪ መላክ በሚችሉበት ማዕረግ ላይ እያሉ ራሳቸው በሚግ አሥመራ አውሮፕላን ማረፊያን ለመምታት ሄዱ። አውሮፕላኑ ተመታ፤ በጃንጥላ ወርደው በሕይወት ተያዙ። የአሥመራ ሰዎች ሲያዩዋቸው አወቋቸው ይባላል፤ ከዚህ በፊት እስረኛቸው የነበሩ ሰው ናቸውና።

ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የተፈረመው ስምምነት ሁለቱም አገሮች የያዟቸውን የጦር እስረኞች ሳይዘገዩ እንዲለቁ አዘዘ። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ሺዎች በቀይ መስቀል አማካይነት መረብን ተሻግረው ተመለሱ። ኮሎኔል በዛብህ ከመካከላቸው አልነበሩም። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች አሥመራ ላይ ሲተቃቀፉ፣ የአዲስ አበባና የአሥመራ በረራ ሲጀመርና ቤተሰቦች በአየር ማረፊያው ሲላቀሱ ስማቸው በኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን እንደገና ተነሣ። ከኤርትራ መንግሥት በኩል ስለ እሳቸው የተሰጠ መልስ መኖሩን አላውቅም።